አልጋውን መልሼ ያስጠጋሁበት ቀን

ስለ ከተማችን ልጽፍ ነበር የተነሣሁት። ሁለት ቅጠል ወረቀት ሞላሁና መልሼ ሳነበው ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ሆኖ እኔ ብቻ ዳር ቆሜ እታዘባለሁ። አፈርኩና ቀደድኩት። አሁን እንደገና ስጀምር አስቀድሜ የራሴን ልናገር፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላው ባወራ ታምኑኝ ይሆናል። አልጋውን ገፍቼ ግድግዳው ሥር ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቁብኝ፤ በእኛ ከተማ ያልተንጋደደ ነገር አይገኝም።

ከተማዋ የተራራ ወገብ ላይ ተለጥፋ የተሠራች ናት። ከበላይዋ ተራራ፣ ከበታቿ ገደል። ቤቶቿ ትልቁም ትንሹም ወደ ገደሉ የዘመሙ ናቸው። አባቶቻችን እንደሚያወሩት የመጀመሪያው ሰው ቤቱን ሲሠራ ዐይኑ ገደሉን ያይ ነበር፤ እጁም ዐይኑን ተከተለ። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ቤት አይቶ ሠራ፣ ሦስተኛው የሁለቱን። እንዲህ እያለ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ቤትን ከማቃናት አንገትን ማዘንበል ይቀላል። ስለዚህ አንገታችንን ወደ ገደሉ ዘንበል እናደርጋለን፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይታየናል። ወደ ገበያ ስንሄድ ገደሉ በቀኛችን ስለሆነ በቀኝ፣ ስንመለስ ደግሞ በግራ። ልጆች ትምህርት ቤት ከፊደል በፊት የሚማሩት ይህንኑ ነው። ፊት ለፊት ወደ ገደሉ ማየት ወይም ቀና ብሎ ወደ ተራራው ማየት ነውር ነው። እንደዚያ ሲያዩ የአንገቱ ዘዴ አይሠራም።

በዓመት አንድ ጊዜ የቀና ቤት ሹም ይመጣል። አንገቱን አዘንብሎ ግድግዳውን ያይና ቤቱ ቀና መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት በር ላይ ይለጥፋል። ወረቀት የሌለው ቤት ልጅ ማሳደግ አይፈቀድለትም፤ ልጁን ወስደው የአንገት ማጽኛ ቤት ያስገቡታል። አንዲት ባልቴት «ግድግዳዬ ዘምሟል» ብላ በገዛ አፏ ተናግራ ሁለት ልጆቿን ወሰዱባት። ልጆቹ ሲመለሱ ጆሯቸው ከትከሻቸው ጋር ተጣብቆ፣ እናታቸውን በአግድም እያዩ «ማን ነሽ?» አሏት።

የሚንጠለጠል ነገር በከተማችን ክልክል ነው። ጉትቻ፣ የደወል ገመድ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ቁልፍ፣ ሁሉም ከግድግዳው ጋር ስለማይስማማ ጠማማ ነው ተብሎ ተፈርዶበታል። የበቅሎ ጭራ ሳይቀር ወደ ጎን በጠፍር ይታሰራል። ዝናቡን ግን ማሰር አልተቻለም። የዝናቡን ጠማማነት የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞ ዐሥራ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ጥፋቱ የደመናው መሆኑን አስታውቋል። ደመናው ቀርቦ እንዲጠየቅ ተወስኖ ነበር፤ እስካሁን አልቀረበም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አንገታችን ስለዘነበለ ስናለቅስ እንባችን በጉንጫችን ዞሮ ጆሯችን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሌላው ሰው አብሮን ሲያለቅስ በደንብ አንሰማም።

ከከተማው ሁሉ ያልዘመመው የጸሎት ቤቱ ብቻ ነው። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ለእኛ ግን ሊወድቅ የተቃረበ ሆኖ ስለሚታየን ዙሪያውን በግንድ ደግፈነዋል፤ በየዓመቱ አዲስ ግንድ እንጨምራለን። እንዳይወድቅብን ፈርተን የምንጸልየውም ከውጭ፣ ራቅ ብለን ቆመን ነው። ውስጥ የሚገቡት አባ ኪሮስ ብቻ ናቸው። «ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ ልጆቼ» ይሉናል። «አይ አባ፣ እርስዎ ይውጡ እንጂ» እንላቸዋለን።

የልጅ ልጄ ትርንጎ ትባላለች። እናቷ በወሊድ ሞታብኝ በእጄ ያሳደግኳት ናት። ስለ እርሷ የማልፈራው ነገር የለም። ብርዱን እፈራለሁ፣ ውሻውን እፈራለሁ፣ የባቄላ ፍሬ ያንቃታል ብዬ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ማጽኛ ቤቱን ነበር፤ አምስት ዓመት አልፏት አንገቷ ቀጥ እንዳለ ነበረና።

«እምዬ፣ ግድግዳው ለምን ይመጣል?» አለችኝ አንድ ቀን አልጋዋ ላይ ተንጋላ። አልጋዋ በተራራው በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ነበር፤ ያ ግድግዳ ወደ ውስጥ፣ ወደ እርሷ የዘመመ ነው።

«የት ይመጣል? ቀጥ ብሎ ቆሞ የለም እንዴ!»

«ወደ እኔ ነው የሚመጣው።»

«አንገትሽን ዘንበል አድርጊ።»

ዘንበል አደረገች።

«አሁንስ?»

«አሁን ቆመ።» ጥቂት አሰበችና፣ «ግን እኮ እኔ ስዘነብል ነው የቆመው፤ እሱ ምንም አላደረገም» አለች።

አፏን በእጄ አፈንኩት። በሩ ክፍት ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ ድንቄ የአንገት አሳሪ ናት፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያሰረች እርሷ ናት። በማግስቱ መጥታ ትርንጎን ዞር ዞር ብላ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች።

«አንቺ የሻረግ! ይህቺ ልጅ እንደ ሸንበቆ ተገትራ የለም እንዴ! ኋላ መጥተው ሲወስዱብሽ ድንቄ አልነገረችኝም እንዳትይ።»

«ትንሽ ትጠንክር ብዬ ነው።»

«ከጠነከረችማ ማን ያጎብጣታል? በለጋነቷ ነው እንጂ። ለእኔ ስጪኝ፤ በሦስት ሳምንት ድፍት አደርግልሻለሁ።»

ለሰው እጅ መስጠት አላስቻለኝም። ራሴ አሰርኳት። ሻሽ አጥፌ ከጆሮዋ በላይ አዙሬ በብብቷ ሥር አወጣሁት፤ ጠዋት በቀኝ፣ ከሰዓት በግራ። እርሷ እያለቀሰች ታየኛለች፣ እኔ እያለቀስኩ አጠብቃለሁ። በክፋት የታሰረ ነገር አንድ ቀን ይላላል። እኔ ግን በፍቅር ነበር የማስረው፣ ቋጠሮዬም አልላላ አለ።

ደግሞ እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ሁሉንም ልጻፍ። ጨርቁን ሳላስርባትም ስታንቀላፋ አያት ነበር። ራሷ የሚደፋው ሁልጊዜ ወደ ገደሉ በኩል ነበር። ያን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ «የእኛው ናት» እል ነበር።

በክረምቱ መግቢያ ይርዳው የሚባል ግንበኛ ከገደሉ ማዶ መጣ። የጸሎት ቤቱን በደንብ እንዲደግፍልን የጠራነው እኛው ነን። አጭር፣ እጀ ሰፊ፣ ሲስቅ የሚያስነጥስ የሚመስል ሰው ነበር። ለሠራተኛ የሚሰጠውን ምሳ በልቶ ሲያበቃ ከኪሱ አንድ ክር አወጣ። ከክሩ ጫፍ የእርሳስ ፍሬ ታስሯል። ቱንቢ ይባላል፣ የግድግዳ መቅናት የሚለካበት ነው አለን። በጸሎት ቤቱ ማዕዘን ላይ ይዞ አንጠለጠለው፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፈነ።

«ይህ ቤት እኮ ምንም አልሆነም» አለ። ይህን ብሎ ግንዶቹን ያነሣ ጀመር።

«ኧረ አንተ ሰው! ክርህ ጠማማ ነው!» አለው አንዱ።

«ክሩ ምን ያውቃል ወንድሜ፤ እርሳሱ ወደ ወደደው መውረድ ብቻ ነው ሥራው።»

«እርሳስህ ሰክሯል!»

«እንግዲህ እሱ የመጠጥ ቤት አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቀው» አለና በዚያ የሚያስነጥስ በሚመስል ሳቁ ሳቀ።

ሴቶቹ አዘኑለት። «ምስኪን፣ አንገቱ ተሰብሮ ቀጥ ብሎ ነው የቀረው» አሉ። ግንዶቹን ግን እንዳያነሣ ከለከሉት፤ ክሩንም ኪሱ እንዲከት አዘዙት።

ከሦስት ቀን በኋላ በደጄ ሲያልፍ ቆመ። ትርንጎ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። በጎረቤት በኩል የሚያየኝ ሰው ይኖር እንደሆን ቃኘሁ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በሩን አልፎ ወደ ውስጥ እያየ። «ይህ ግድግዳ ልጅቷ ላይ ሊተኛ ነው።»

«ምን ነካህ ልጄ! ወረቀት አለው እኮ!»

«ወረቀቱስ ቆሟል። ግድግዳው ነው የሚወድቀው። ክረምቱ ሲገፋ ሥሩ ይርሳል፣ ከዚያ አይጠብቅም። ይፍቀዱልኝና አፍርሼ ልሥራልዎት፤ ምንም አልጠይቅዎትም።»

«ካፈረስከውማ ዘምሞ ነበር ማለት ነው።»

«ዘምሞ ነው እንጂ።»

«ዝም በል! ልጄን ልታስወስድብኝ ነው!»

ትርንጎ ከሻሿ ሥር እንደምንም ቀና ብላ፣ «ለእምዬ ነግሬያታለሁ እኮ» አለችው። ሰውዬው እርሷን አየ፣ ሻሹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «በሉ እማማ፣ አልጋውን እንኳ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉላት» ብሎኝ ሄደ።

በሩን ዘጋሁና አልጋውን ሳብኩ። አንድ ክንድ። በማግስቱ ሌላ አንድ ክንድ። እስከ ቤቱ መሀል አመጣሁት። እንግዲህ ፍረዱ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ አልጋውን ለምን ሳብኩ? አንገቴ አያውቅም ነበር እንበል፤ እጄ ግን ያውቅ ነበር። ሰዎች «አላወቅንም ነበር» ሲሉ ስሰማ ከዚያ ወዲህ የማየው እጃቸውን ነው።

ለአንድ ወር እንዲህ ኖርን። ልጅቷም ግድግዳው ይመጣል ማለቷን ተወች።

በክረምቱ አጋማሽ አንድ ማለዳ እትዬ ድንቄ እየሮጠች መጣች። «የሻረግ፣ ሹሙ ሰፈራችን ገብቷል! ከታች ቤት ጀምሯል!» አለችና ቤቱን ቃኘች። «አልጋሽ ምን ሊሠራ መሀል ቤት ቆመ?»

«ለ... ለንፋስ ብዬ ነው።»

«ሹሙ ደግሞ የማይጠይቀው የለ! ግድግዳ የፈራ ሰው ነው አልጋውን የሚያርቅ ይልሻል።»

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር። የግድግዳው ሥር ጠቁሮ ረጥቦ አይቻለሁ። አይቼ ትከሻዬን አልጋው ላይ አድርጌ ገፋሁት። የአልጋው እግር መሬቱን እየቧጠጠ ሄደ። ትርንጎ ትንሽ አተኩሷት ስለነበር ተኝታበት ነው የገፋሁት። «እምዬ፣ የት እየሄድን ነው?» አለችኝ። «የትም» አልኳት።

የቀና ቤት ሹሙ አቶ ሙሉሰው ገቡ። ወፍራም፣ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ አንገታቸው በጣም የጸና ስለሆነ ባርኔጣቸው በትከሻቸው ላይ ነው የሚያርፈው። ግድግዳውን አዩ፣ አልጋውን አዩ።

«እንዴት ያለ ቤት ነው እማማ የሻረግ! ልጅቱም ጸንታለች፣ እሰይ።»

ወረቀቱን ለጥፈው ወጡ። አልጋውን ወዲያው መመለስ ነበረብኝ። ግን በመንገዱ ላይ ቆመው ከድንቄ ጋር ያወሩ ነበር። ይሂዱ፣ ከዚያ እስበዋለሁ አልኩ። እነሱ ወሬውን አላቆሙም፣ እኔም በመስኮት እያየሁ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ አፈር ነበር የወረደው፣ እንደ ስንዴ ሲዘሩት። ከዚያ ግድግዳው እንደ ሰው አቃሰተ። እግሬ ተሳሰረ። ጮህኩ መሰለኝ። ይርዳው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ በእኔ አጠገብ አልፎ ገባ፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ እግሩን በመሬቱ ተክሎ ቆመ። ፊቱ ደም መሰለ።

«ያውጧት!» አለኝ። «እማማ! ልጅቷን ያውጧት!»

በእግሯ ጎተትኳት። ሻሿ የአልጋው ቋሚ ላይ ተያዘና ተበጠሰ። ደጁ ላይ ስደርስ ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ሹሙም፣ ድንቄም፣ የሰፈሩም ሰው አንገቱን አዘንብሎ በበሩ ወደ ውስጥ ያያል። ግንበኛው አሁንም ግድግዳውን ተሸክሞ ነበር። ልጅቷ መውጣቷን ሲያይ ተወርውሮ ሊወጣ ሞከረ። ግድግዳው ቀደመው። ቀኝ ክንዱ ከግድግዳው ሥር ቀርቶ ደቀቀ።

ሸንጎው በማግስቱ ተቀመጠ። ሰብሳቢው አቶ ሙሉሰው ናቸው፤ የጠያቂም የመላሽም ሰው ስለጠፋ ሁለቱንም ሥራ እርሳቸው ያዙት።

«ይህ ግድግዳ ወረቀት ነበረው? ነበረው፤ በዚያው ማለዳ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወረቀት ያለው ግድግዳ ይወድቃል? አይወድቅም። ታዲያ ወደቀ። እንግዲህ የገፋው አለ ማለት ነው። በዐይናችሁ ምን አያችሁ?»

ሰዎቹ አንድ በአንድ መሰከሩ። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ አልዋሹም። ቀጥ ብሎ በቆመ ግድግዳ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ እግሩን ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ሲታገል አይተዋል። ቀጥ ያለን ግድግዳ ማን ይደግፋል? የሚገፋው ነው እንጂ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ አጉረመረሙ፦ «ግድግዳው እኮ በእሱ ላይ ነው የወደቀው።»

«ቢገፋው ቢገፋው ጊዜ አንገሸገሸውና መለሰለት» አሉ አቶ ሙሉሰው። ይህም በመዝገቡ ላይ ግድግዳው ራሱን ለመከላከል የወሰደው እርምጃ ተብሎ ተጻፈ።

ይርዳው ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ምን ትላለህ ሲባል፣ «ልጅቷ ደህና ናት?» ብቻ አለ።

ይህን ጊዜ ትርንጎ ከጎኔ ብድግ አለች። ሻሹ ፍርስራሹ ውስጥ ቀርቷል፤ አንገቷ ቀጥ ብሏል።

«አልገፋውም! ይዞት ነበር!» አለች። «ያውጧት ብሎ ለእምዬ ነገራት! ግድግዳው ድሮም ይመጣ ነበር፤ እምዬም አልጋውን—»

እጇን ጨበጥኩት። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አንገቷን እያዩ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ «ማጽኛ ቤት» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ሰማሁ።

አቶ ሙሉሰው በለዘበ ድምፅ ጠየቁኝ። «እማማ የሻረግ፣ በቅርብ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ልጅቱ የምትለው እውነት ነው? ወይስ አንገቷ ነው?»

ይህን ቦታ ስጽፍ ሦስት ጊዜ አቋርጫለሁ። ልጅን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ሁሉ እኔን አይምሰል። እኔ የዋሸሁት ልጄን ባዳነልኝ ሰው ላይ ነው።

«አንገቷ ነው» አልኩ። «ገና አልጸናም። እኔም በድንጋጤ ደህና አላየሁም።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ከዚያ የከፋ ነገር ነው የሆነው፤ አመነችኝ። ዐይኖቿ እንዳሳሳቷት አመነች። እዚያው እያየኋት፣ ማንም ሳይነካት፣ አንገቷ ቀስ ብሎ ዘነበለ።

ግንበኛው በዚያው ቀን ገደሉን ተሻግሮ እንዲሄድ ተፈረደበት። በአጠገቤ ሲያልፍ «አይዞዎት እማማ» አለኝ። ቱንቢውን ግን ወሰዱበት፤ ክሩን ከግድግዳዎቻችን ጋር እንዲስማማ አጋድመው ሳንቃ ላይ በምስማር መቱትና በአደባባዩ ላይ አቆሙት። ከሥሩ «የተቃና ቱንቢ» ተብሎ ተጽፎበታል። ተማሪዎች እየመጡ ይጎበኙታል።

ጎረቤት ተባብሮ ግድግዳዬን ሠራልኝ፤ ከበፊቱ አብልጦ አዘመመው። አቶ ሙሉሰውም አዲስ ወረቀት ለጠፉ። ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ሻሽ አላስፈለጋትም። በዓመቱ መዝጊያ ትምህርት ቤቱ ከልጆች ሁሉ መርጦ የጽኑ አንገት ሪባን አጠለቀላት። እትዬ ድንቄ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝና «እልል በይ እንጂ!» አለችኝ። እልል አልኩ። ድምፄ እስከ ገደሉ ተሰማ።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ልብሷን ስጠግን እንደ ቀልድ አድርጌ፣ «ያን ግንበኛ ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«የትኛው? ግድግዳችንን የገፋው?»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እኔ ጣቴን መጠጥኩ፤ እርሷ ቤት ሥራዋን ቀጠለች።

በማግስቱ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄድኩ። በግንዶቹ መካከል ሾልኬ፣ ይወድቅብኛል ብዬ ራሴን በእጄ ሸፍኜ ገባሁ። አባ ኪሮስ ሰው ሲገባ ስላልለመዱ «ማን ነው?» ብለው ደነገጡ።

«የሻረግ ነኝ አባ። ይፍቱኝ።»

«ምን አደረግሽ ልጄ?»

«በጾም ወተት ቀምሻለሁ።»

«ሌላስ?»

«ድንቄን አምቻታለሁ።»

«ሌላስ?»

«የሰው በቅሎ ረግሜያለሁ።»

«የሻረግ፣ በበቅሎዋ ነገር እንስማማለን። አልጋውስ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ግድግዳው በወደቀ ዕለት መጥቼ ነበር። የአልጋሽ እግር መሬቱን የቧጠጠበት ሁለት መስመር አየሁ፤ የሄደበት አሮጌ ነው፣ የተመለሰበት ገና ትኩስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ከዚህ ቤት ስወጣ እኔም አዘነብላለሁ፣ ልጄ» አሉ። «በሸንጎው ዕለት ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አንገቴን አዘንብዬ። ጸሎት ስታደርጊ እኔንም አስቢኝ።»

ምክንያት ፈለግሁ። «እኔን ያሰረችኝ እናቴ ናት አባ።»

«እናትሽንስ?»

«እናቷ።»

«የመጀመሪያዋንስ ማን አሰራት?»

ጣቴን እያጠፍኩ ወደ ኋላ ቆጠርኩ።

«ማንም። ገደሉን አየችና አማራት። ሻሹ ከእናትሽ የመጣ ነው፤ መዝመሙም ከእርሷ በፊት የመጣ ነው። ግን ያንቺም ነው። ያንቺ ካልሆነ ምኑን ይቅር ይበልሽ? እግዚአብሔር ሻሽ አይምርም፣ ሰው ነው የሚምር።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ አቃናዋለሁ» አልኩና በሁለት እጄ ራሴን ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት። ቀጥ ያለ መሰለኝ። እጄን ስለቅቀው እንደ ወጥመድ ቀንበጥ ተመልሶ ትከሻዬን መታኝ። እንደገና ሞከርኩ። አባ ኪሮስ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አላስከፋኝም።

«በዘነበለ ራስ ቀናውን እየፈለግሽ እኮ ነው። ለብቻ አይሆንም የሻረግ። ሌላ ሰው ይያዝልሽ።»

«ማን ይያዝልኝ?»

«የበደልሽው ሰው።»

«እሱማ ተሻግሯል።»

«አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ የበደልሽው?»

ቤቴ ተመልሼ ሦስት ቀን አልተኛሁም። እፈራ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ። ይህን ጽሑፍ በሬ ላይ፣ በሹሙ ወረቀት ቦታ፣ በክር አንጠለጥለዋለሁ። ምን እንደሚያደርጉን አላውቅም። ማዶ የሚሻገር ሰው ካለ ለይርዳው ያንብብለት፤ ክንዱን አይመልስለትም፣ ግን ያንብብለት። የዛሬ ሳምንት የሆነውን ጨምሬ ላብቃ።

ትርንጎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ዘጋሁ። ከጉበኑ ላይ ክር አንጠልጥዬ ከጫፉ የእንዝርቴን ድንጋይ አስሬበታለሁ። ከጎኑ ግድግዳችን አለ። ሪባኗን እንዳጠለቀች ቆማ አየችው። ዐይኗ ፈጠጠ።

«እምዬ! ክርሽ ጠማማ ነው!»

ያን ጊዜ በይርዳው ላይ የተጮኸው ቃል ነው። ከእኔ ነው የወጣው፤ በእርሷ አፍ ብቻ መጣ።

«ክሩ አይደለም ልጄ» አልኳት። ዝቅ ብዬ ከፊቷ ተቀመጥኩ። «ጠማማዋ እኔ ነኝ። በሸንጎው ፊት አንቺ እውነት ተናገርሽ፣ እኔ ዋሸሁ። አንገትሽ አልነበረም። አልጋውንም የገፋሁት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው እንደሚወድቅ እያወቅሁ።»

የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ክሩን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«እባክሽ ራሴን ያዥልኝ» አልኳት። «ለብቻዬ አልችለውም።»

እምቢ ብትል አልፈርድባትም ነበር። መጥታ ሁለት ትንንሽ እጆቿን በጉንጮቼ ላይ አደረገች። አልጎተተችኝም፤ ያዘችኝ ብቻ። እኔን ቀና አድርጋ ለማየት የራሷም አንገት መነሣት ነበረበት። ከማጅራቴ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ወጣ፤ በጣም አመመኝ። ቤቱን ሁሉ አየሁት። ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ከተማ በሙሉ ወደ ገደሉ ተደፍታለች፤ የጸሎት ቤቱ ብቻ በግንዶቹ መካከል ቆሟል።

አለቀስኩ። እንባዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ሳይገባ ወደ አገጬ ወረደ። ስለዚህ እርሷም እያለቀሰች እንደሆነ ሰማሁ፤ በልቅሶዋ መካከል ያለችውንም ሰማሁ።

«እምዬ፣ ይዞት ነበር አይደል?»

«ይዞት ነበር» አልኳት።